ግማሽ

ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ ቅጽል ስሜ «ግማሽ» ነበር። አጭር ስለሆንኩ አይደለም። (ረጅም ነኝ ማለቴም አይደለም፤ እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው።) ነገሩ የሒሳብ ነው።

አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ አንድ ኢኩዌሽን ጻፈና ግራፉን እንድሰራ ጠራኝ፤ ኤክስ ስኩዌር ሲደመር ዋይ ስኩዌር እኩል ይሆናል 25። እንደተማርነው ሠንጠረዥ ሰራሁ። ኤክስ 3 ሲሆን ዋይ ስኩዌር 16፣ ስለዚህ ዋይ 4። ኤክስ 4 ሲሆን ዋይ 3። ኤክስ ዜሮ ሲሆን ዋይ 5። ነጌቲቭ ኤክሶችንም አልረሳሁም። 7 ነጥብ አስቀምጬ በጠመኔ ሳገናኛቸው የጎጆ ጣሪያ የመሰለ ነገር ወጣ። አስተማሪው አየት አደረገውና «ግማሹን ለማን ሰጠኸው?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

መልሱ ሙሉ ክብ ነበር። የታችኛው ግማሽ ከየት እንደሚመጣ ግን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም ልጠይቅ አልደፈርኩም። ከዚያ ወዲያ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ቦታዬ የመጨረሻው ዴስክ ሆነ። መሰናዶ ስንገባ ሶሻል መረጥኩ። ለሚጠይቀኝ ሁሉ «ታሪክ ስለምወድ ነው» እላለሁ። ውሸቴን ነው።

በቀደም ታናሽ እህቴ (11ኛ ክፍል ናት፣ ናቹራል) የቤት ሥራዋን በስልኳ ስታመሳክር አየኋት። ዴስሞስ ይባላል። ኤሊ ሉበሮፍ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2011 ያስጀመረው ነው። ኢኩዌሽኑን ስትጽፉለት ግራፉን ይስላል። ነጻ ነው፤ ስልክ ላይ ከተጫነ ደግሞ ያለ ኢንተርኔትም ይሰራል። ካርድ የሚቆጥር ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

«እስኪ አንዴ» ብዬ ተቀበልኳትና ያቺን ኢኩዌሽን ጻፍኩ። ወዲያው ክብ ሆነች። ቀጥዬ ያኔ ባሰላሁበት መንገድ ዋይን ለብቻው አወጣሁት፤ 25 ሲቀነስ ኤክስ ስኩዌር፣ የዚያ ስኩዌር ሩት። ጎጆዬ ብቅ አለች! እንደዛው፣ ጣሪያዋ ብቻ። ለካ የሳልኩት ግራፍ ትክክል ነበር፤ የሌላ ኢኩዌሽን ሆኖ ነው እንጂ።

«የነጌቲቭ 4 ስኩዌርስ ስንት ነው?» አለችኝ እህቴ፣ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ።

16። በቃ ይሄው ነው። ዓመታት ሙሉ የተሸከምኩት ግማሽ አንዲት የመቀነስ ምልክት ነበረች።

ከዚያ ስልኩን የሚያስመልሰኝ ጠፋ። በ25 ፈንታ «ኤ» የሚል ፊደል ስጽፍ በጣት ወዲያ ወዲህ የሚንሸራተት መቆጣጠሪያ መጣ። ወደ ቀኝ ስስበው ክቡ ይሰፋል፣ ወደ ግራ ይጠባል። ከዜሮ ሳሳልፈው ጭራሽ ጠፋ። ተበላሸ ብዬ ደነገጥኩ። «ሁለት ስኩዌሮች ተደምረው እንዴት ነጌቲቭ ይሆናሉ?» ብላ ሳቀችብኝ። ይቺ ሳቅ ግን አላሳፈረችኝም። ምክንያቱን አብራ ነግራኛለቻ!

ማሽኑም ቢሆን ሁሌ አይታመንም አለችኝ። ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ 1 ለኤክስ ሲቀነስ 1 አካፍላ ጻፈች። ቀጥ ያለ መስመር ሆነ። ኤክስ 1 ላይ ግን ዜሮ ለዜሮ ነው፤ እዚያ ጋ ቀዳዳ አለ፣ ዓይን አያየውም። ፈተና ላይ ደግሞ ስልክ ይዞ መግባት የለም። ስለዚህ መጀመሪያ በእርሳስ ትሰራለች፣ በስልኩ የምታጣራው ኋላ ነው።

በመጨረሻ ስልኩን ነጥቃ ደብተርና እርሳስ ሰጠችኝ። «25ን በ169 ተካው። ሙሉ ቁጥር የሆኑትን ነጥቦች በሙሉ አውጣልኝ።»

ላቤ ጠብ እስኪል ሰራሁ። 5 እና 12፣ 12 እና 5፣ ዜሮ እና 13... ነጌቲቭ ኤክሶቹንም አልረሳሁም። በኩራት ደብተሩን አቀበልኳት።

ቆጠረቻቸው። «7 ናቸው» አለች። «5ቱን ለማን ሰጠሃቸው?»