«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ብዬ ዜሮ ያገኘሁበት ቀን



ውድ እህትና ወንድሞቼ! ይህን የምነግራችሁ ከለንደን ነው። ያደግኩት ደሴ ነው። ጣቶቼ ረጅም ጽሑፍ ስለማይችሉ በድምፅ እየቀዳሁ ልኬ፣ ደሴ ያለችው የወንድሜ ልጅ ጻፈችልኝ። «አክስቴ፣ ይሄ ታሪክሽ ለብዙ ሰው ይጠቅማል» ብላ ወጥራ የያዘችኝም እሷው ናት። ኸይር ካገኛችሁበት ለእሷም ዱዓ አድርጉላት።

ሥራዬ ሆቴል ውስጥ ክፍል ማጽዳት ነበር። ፍራሽ ማንሳት፣ አንሶላ መወጠር፣ ጨርቅ መጭመቅ፣ ከባድ ጋሪ መግፋት፤ ሁሉም የእጅ ሥራ ነው። አንድ ክረምት ላይ ጠዋት ስነሳ ጣቶቼ አልታጠፍ አሉኝ። ለሱብሒ ውዱእ ላደርግ ብዬ የቧንቧውን መክፈቻ ብይዘው ማዞር አቃተኝ። ለእናቴ ደውዬ ስነግራት «ብርድ መቶሽ ነው፤ ጥቁር አዝሙድ አሺበት» አለችኝ። እኔም ብርድ ነው ብዬ ጓንት ደራርቤ ስሠራ ወራት አለፉ። በኋላ ቁርጭምጭሚቴና ጉልበቴ ተከተሉ።

ሐኪሙ «ሪውማቶይድ አርትራይተስ» አለኝ። ብዙዎቻችን መገጣጠሚያ ሲታመም ሁሉንም ቁርጥማት ወይም ሪህ ብለን እናልፈዋለን። ይሄኛው ግን ብርድም እርጅናም አያመጣውም። ከበሽታ ሊጠብቀን የተፈጠረው የሰውነታችን መከላከያ ተሳስቶ የራሳችንን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። በወጣትነትም ይይዛል፣ ሴቶችን ደግሞ ያበዛል። ምልክቱ ጠዋት ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ፣ አንዳንዴም ለሰዓታት የሚቆይ የመገጣጠሚያ መገተር፣ እብጠትና ድካም ነው። መድኃኒት ቶሎ ካልተጀመረ አጥንቱን እየበላ ጣትን ያጣምማል። እኔ «ብርድ ነው» እያልኩ ያባከንኳቸው ወራት ዛሬም በሁለት ጣቶቼ ላይ ይታያሉ። ከመካከላችሁ እንዲህ የሚሰማው ካለ አይጠብቅ፣ ይታከም።

የተሰጠኝ ሜቶትሬክሴት የሚባል መድኃኒት ነው። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይዋጣል፤ በየቀኑ መዋጥ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ከእሱ ጋር ፎሊክ አሲድ በሌላ ቀን ይወሰዳል። ጉበትና ደም በየጊዜው ይመረመራል። የሚሠራው ደግሞ ዛሬ ውጠውት ነገ አይደለም፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ሦስት ወር ያህል ይፈጃል። እስከዚያ ግን የቤት ኪራይ አይጠብቅም።

ሁለት ምርመራ፣ ሁለት ጥያቄ

እንግሊዝ አገር ሠራተኛ ሲታመም አሠሪው ሕጉ የደነገገውን የሕመም ክፍያ እስከ 28 ሳምንት ይከፍላል። ትንሽ ገንዘብ ናት። እሷ ስታልቅ «ዩኒቨርሳል ክሬዲት» ወደሚባለው ድጎማ ሄድኩ። ሌላም «ፒፕ» የሚባል ክፍያ እንዳለ ሰማሁ። ያኔ ሁለቱን አንድ አድርጌ ነበር የማያቸው። ለያይቶ ያስረዳኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ብዙ እንባ ይቀርልኝ ነበር።

በዩኒቨርሳል ክሬዲት በኩል ያለው ምርመራ የሚጠይቀው «መሥራት ትችላለህ ወይ?» ብሎ ነው። መቀመጥ፣ መንቀሳቀስ፣ እጅ ማንሳት፣ ዕቃ መያዝ እያለ 17 ነገሮችን ያያል። አሥሩ የአካል፣ ሰባቱ የአእምሮ ናቸው። 15 ነጥብ ያገኘ ሰው ለጊዜው ሥራ ፈልግ ተብሎ አይገደድም።

ፒፕ ግን ስለ ሥራ አይጠይቅም። የሚጠይቀው «ቀንህን እንዴት ትውላለህ?» ብሎ ነው። ምግብ ማብሰል፣ መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳዳትን የመሳሰሉ 10 የዕለት ተዕለት ነገሮችና ስለ መንቀሳቀስ 2 ነገሮች አሉት። በአንዱ ክፍል 8 ነጥብ ካገኘህ መደበኛውን፣ 12 ካገኘህ ከፍ ያለውን ክፍያ ታገኛለህ። የበሽታህ ስም ብቻውን ነጥብ አያሰጥም፤ የሚታየው በሽታው በኑሮህ ላይ የሚያደርገው ነው። ሥራ ላይ ያለ ሰውም ይገባዋል፣ ደመወዝህም አይታይም። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። «ሥራ ከጀመርኩ ይቆረጥብኛል» ብዬ ስፈራ ነው የኖርኩት።

የስልኩ ቀን

እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ምርመራው በስልክ ተደረገ። አስተርጓሚ መጠየቅ እችል ነበር፤ «እንግሊዝኛዬ ይበቃል» ብዬ ተውኩት። ሴትዮዋ ድምፅዋ ለስላሳ ነው። መጀመሪያ «እንዴት ነሽ?» አለችኝ።

እኛ ይህን ስንጠየቅ ምን እንላለን? አንድ እግራችን ቀብር ውስጥ ቢሆን እንኳ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ነው። እኔም «ፌይን፣ አይ አም ፌይን» አልኳት።

«ምግብ የሚያበስለው ማነው?» አለችኝ። የቤቴ እመቤት እኔ ነኛ! «እኔ ነኝ» አልኩ። ሽንኩርቱን የምትከትፈው፣ ድስቱን የምታወርደው፣ የዘይቱን ክዳን የምትከፍተው የ14 ዓመት ልጄ መሆኗን አልተናገርኩም። አፍሬ ነው። ልጅን ማሠራት የእናት ውርደት መሰለኝ።

«ቀንሽን በምን ታሳልፊያለሽ?» አለችኝ። «አምስት ወቅት እሰግዳለሁ» አልኩ፣ ደስ ብሎኝ። ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ለሱጁድ ጎንበስ ብቻ ብዬ እንደምሰግድ አልጨመርኩም። አልጠየቀችኝማ።

ከሳምንታት በኋላ ውሳኔው በፖስታ መጣ። ዜሮ ነጥብ። ሪፖርቱን እንዲልኩልኝ ጠይቄ ሲመጣ ልጄ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ደህና እንደሆነች ገልጻለች። ለቤተሰቧ ታበስላለች። በቀን አምስት ጊዜ ስለምትሰግድ መጎንበስና መነሳት እንደምትችል ይገመታል። ልጄ ወረቀቱን አስቀምጣ አየችኝና «ማማ፣ ይሄ የሚያወራው ስለ ማን ነው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ወርውራ መጀመሪያ የምትገባው ኩሽና ነው። ጠዋት ካልሲዬን የምታለብሰኝ እሷ ናት። እኔ በአንድ «ፌይን» የእሷን ድካም ሁሉ ደመሰስኩት።

ማማረርና መመስከር

ደሴ ያለው ወንድሜ «ተይው፣ ሰብር አድርጊ፣ አላህ ይበቃሻል» አለኝ። ልቤም ወደዚያው አዘነበለ። ጎረቤቴ የሆነች አንዲት ሶማሊያዊት እናት ግን ቤቴ መጥታ ሻይ እየጠጣች እንዲህ አለችኝ፦ «ለአላህ ምስጋና አቅርበሻል፣ ጥሩ። ሴትዮዋ የጠየቀችሽ ግን ስለ ኢማንሽ አልነበረም። ስለ እጅሽ ነው የጠየቀችሽ።»

ያቺ ንግግር ዓይኔን ገለጠችልኝ። ነቢዩላህ አዩብ (ዐ.ሰ) የሰብር ምሳሌ ናቸው፤ ግን እሳቸውም ጉዳት እንደደረሰባቸው ለጌታቸው ተናግረዋል። ሰብር ማለት ሕመምን መካድ አይደለም። እኔ የተጠየቅኩት ምስክርነት ነበር፣ ስለ ገዛ አካሌ። በምስክርነት ላይ መጨመር ውሸት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። መቀነስም ከእውነት መጉደል እንደሆነ ግን ያን ቀን ነው የገባኝ።

በሰፈራችን ወዳለ ነፃ የምክር ቢሮ ሄድኩ። አማካሪው በመጀመሪያ ያስረዳኝ አንድ ነገር ነው። በፒፕ ሕግ «እችላለሁ» ማለት አንድ ጊዜ እንደምንም መቻል አይደለም። አራት ነገር ይጠየቃል። ሳትጎዳ ትችላለህ? በሚገባ ደረጃ ትችላለህ? በሚያስፈልግህ መጠን ደጋግመህ ትችላለህ? ጤነኛ ሰው ከሚፈጅበት እጥፍ ጊዜ ሳይፈጅብህ ትችላለህ? ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ትችላለህ አይባልም። ደግሞ የሚታየው ከቀኖችህ ከግማሽ በላይ በሆኑት ላይ እንዴት እንደምትሆን ነው። የአርትራይተስ ሰው ዛሬ ደህና ውሎ ነገ መነሳት ሊያቅተው ይችላል። ስለዚህ «ደብተር ያዢ» አለኝ።

ለአራት ሳምንት በየቀኑ ያዝኩ። ስንት ሰዓት እንደተነሳሁ፣ እጄ እስኪፍታታ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ፣ ምን ከእጄ እንደወደቀ፣ ልጄ ምን እንዳገዘችኝ። ቅዳሜ ቀን ቁልፍ የሌለው ቀሚስ ለመልበስ 25 ደቂቃ። ሰኞ የሻይ ማንቆርቆሪያ ከእጄ ወድቆ እግሬን አቃጠለኝ። ደብተሩን መልሼ ሳነበው እኔ ራሴ ደነገጥኩ። ለዓለም ብቻ ሳይሆን ለራሴም ስደብቅ ነበርና።

ውሳኔው በወጣ በአንድ ወር ውስጥ እንደገና እንዲታይልኝ ጻፍኩ። 4 ነጥብ ሆነ፤ አልበቃም። በሚቀጥለው አንድ ወር ውስጥ ይግባኝ አልኩ። ይግባኙን የሚሰማው ጉባኤ ከመሥሪያ ቤቱ ነፃ ነው። አንድ ዳኛ፣ አንድ ሐኪምና ስለ አካል ጉዳት የሚያውቅ ሌላ ሰው ይቀመጡበታል። በዚህ ጊዜ አማርኛ አስተርጓሚ ጠየቅሁ። ሐኪሙ «እንዴት ነሽ?» አላለኝም። «ከአልጋ ከተነሳሽበት ጀምሮ የመጀመሪያውን ሻይ እስክትጠጪ ያለውን ንገሪኝ» አለኝ። በዝርዝር ነገርኩት። ቧንቧውን፣ ካልሲውን፣ ወንበር ላይ መስገዴን፣ ልጄን። ድምፄ ሁለት ጊዜ ተቆረጠ።

ምግብ ለማብሰል የሰው እገዛ ስለሚያስፈልገኝ 4፣ ለመታጠብ መሣሪያ ስለምጠቀም 2፣ ለመልበስም 2 ተሰጠኝ። ስምንት። አላነሰም አልበለጠም። በመንቀሳቀስ በኩል ከ50 ሜትር በላይ ስለምሄድ 4 ብቻ ነው፣ አላለፍኩም። እውነቱም እሱ ነው፤ እንድጨምርበት የመከረኝ ሰው ነበር፣ አልሐምዱሊላህ አልጨመርኩም።

ወደ ሥራ መመለስ

መድኃኒቱ ሲይዝልኝ ቤት መቀመጡ ከሕመሙ በላይ ከበደኝ። ሐኪሜ የሚሰጠው የሕመም ወረቀት «መሥራት አትችልም» ብቻ የሚል ይመስለኝ ነበር። ለካ «እንዲህ ከተደረገላት ልትሠራ ትችላለች» የሚል ክፍልም አለው፦ ቀስ በቀስ መመለስ፣ ሰዓት መቀየር፣ የሥራ ዓይነት መቀየር፣ የሥራ ቦታውን ማመቻቸት። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የእኩልነት ሕግም አሠሪ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ተገቢውን ማስተካከያ እንዲያደርግ ያስገድዳል። እንደ እኔ ያለ ረጅም ጊዜ የሚቆይና ኑሮን የሚያከብድ ሕመምም በዚህ ሕግ ውስጥ ይገባል።

አለቃዬን ለማናገር ሦስት ቀን ፈራሁ። ከዚያ በወረቀት ጽፌ ይዤ ገባሁ። የማልችለውን ብቻ ሳይሆን የምችለውንም ጻፍኩ፦ «ፍራሽ ማንሳት አልችልም። አንሶላና ፎጣ መቁጠር፣ ክፍሎች መጽዳታቸውን መፈተሽ፣ አዲስ ሠራተኛ ማሠልጠን እችላለሁ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት እጄ አይፍታታም።» ሰውየው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበውና «ይህን ቀድመሽ ብትነግሪኝ ኖሮ» አለኝ። በሳምንት በሁለት ቀን ጀመርኩ፣ ዛሬ አራት ቀን ደርሻለሁ። ፒፑ አልተቆረጠም። ዩኒቨርሳል ክሬዲቱ ግን ሥራ ስትሠራ ይቀንሳል፤ ከተፈቀደልህ መጠን በላይ ከምታገኘው ከእያንዳንዱ ፓውንድ 55 ሳንቲም ይነሳል። ቢሆንም ሠርቼ የተሻለ እጄ ላይ ይቀራል። በሁኔታዬ ላይ ለውጥ ሲኖር ወዲያው አሳውቃለሁ፤ ይህም አማና ነው።

«እኛ አገር ይሄ የት አለ?» እንደምትሉ አውቃለሁ፤ ወንድሜም ብሎኛል። ፒፕ የለም፣ እውነት ነው። ግን ምንም የለም ማለት አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲታመም በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጠዋል፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ያለ ክፍያ። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 ደግሞ አሠሪ የሥራ ሁኔታውን እንዲያመቻች ያዛል። ሱቅ የምትሠራው እህት፣ ፋብሪካ የሚሠራው ወንድም ይህን ካላወቀ «ደህና ነኝ» እያለ ይሰበራል፣ ከዚያ በራሱ ፈቃድ ሥራውን ጥሎ ይወጣል።

ስለዚህ ውዶቼ፣ እናታችሁ «ደህና ነኝ ልጄ» ስትላችሁ አንዳንዴ እጇን እዩት። ጠዋት ድስቱን እንዴት እንደምታነሳ ልብ በሉ። ሐኪም ዘንድ ስትሄድ አብራችኋት ግቡ፤ እሷ የምትደብቀውን በአደብ ንገሩላት።

እኔ ዛሬም ስጠየቅ «አልሐምዱሊላህ» እላለሁ፤ አልተውኩም፣ አልተውምም። ልዩነቱ፣ ጠያቂው ሐኪም ወይም አለቃ ከሆነ ነጥብ አልዘጋበትም። «አልሐምዱሊላህ፤ እጄ ግን ዛሬ አልታጠፍ ብሏል» ብዬ እቀጥላለሁ። ልጄ ደግሞ አሁን ከትምህርት ቤት ስትመጣ መጀመሪያ ቦርሳዋን ከፍታ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ሽንኩርቱን የተከተፈ እንገዛለን።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይላክ። አሚን።