ስለ አሮጌው አምፕሊፋየርና ስለ አዲሱ የስፒከር ሣጥን

በቤተ ሰብ መካከል ክርክር የሚነሣው በገንዘብና በርስት ምክንያት ብቻ አይደለም። አንድ አሮጌ ዕቃ ይቀመጥ ወይስ ይጣል በማለትም ሽማግሌና ወጣት ሲከራከሩ ይታያሉ። ሽማግሌው አሮጌው ከነክብሩ ይኑር ይላል፤ ወጣቱም ዘመኑ ያለፈበት ሁሉ ለአዲሱ ቦታውን ይልቀቅ ይላል። እኛ ግን በቤታችን ከሆነው ነገር እንደ ተረዳነው፥ አሮጌውንና አዲሱን አስማምቶ በአንድነት ማሠራት ይቻላል፤ የሚቻለውም የሁለቱ ልክ አስቀድሞ ሲመረመር ነው። ይህንኑ ለአንባቢዎቻችን ብንገልጽ ይጠቅማል ብለን አሰብን።

አባታችን በወጣትነታቸው ጊዜ በአዲስ አበባ በአንድ የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ቤዝ ጊታር ይመቱ ነበር። ዘመኑም በሆቴሎችና በምሽት ክበቦች የኤሌክትሪክ ሙዚቃ የበረታበት፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 አምኃ እሸቴ የሸክላ ማሳተሚያውን ያቋቋመበት ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። አባታችን የሚጫወቱበት አምፕሊፋየር ፌንደር ባስማን ይባላል። ሊዎ ፌንደር የተባለው አሜሪካዊ በ1951 የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታርን ለገበያ ካወጣ በኋላ፥ በ1952 ለዚሁ መሣሪያ አጋዥ እንዲሆን ባስማን የሚለውን ስም የያዘ አምፕሊፋየር አወጣ። የአባታችን አምፕሊፋየር በ1960ዎቹ መጨረሻ ከተሠሩት ወገን ሲሆን፥ ማጉያው ለብቻ፥ የስፒከሩ ሣጥን ለብቻ ነው፤ ኃይሉም 50 ዋት ነው። የሚሠራው በትራንዚስተር ሳይሆን ቫልቭ በሚባሉት፥ አምፖል በሚመስሉ የመስተዋት ቱቦዎች ነው።

ከ1974 አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊ ሲታወጅ የምሽቱ ጨዋታ ስለ ቀረ፥ አምፕሊፋየሩ ጨርቅ ለብሶ በጓዳ ተቀመጠ። በብዙ ዓመትም ውስጥ ሣጥኑን እርጥበት በላው፤ የስፒከሮቹም ወረቀት ተቀደደ። ማጉያው ግን ደኅና ነበር። በቅርቡ አንድ ሰው በጥሩ ዋጋ እገዛችኋለሁ ባለን ጊዜ፥ ከቤተ ሰባችን ግማሹ ይሸጥ፥ ግማሹ አይሸጥ አለ። አባታችን ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ ቀርቦ ጆሮአቸውም እየደከመ ስለ ሄደ፥ «ድምፁን አንድ ጊዜ ልስማው፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ወደዳችሁ አድርጉት» አሉን። እርሳቸውም ይህን ባሉ ጊዜ ነገሩ የዕቃ ነገር መሆኑ ቀረ።

ቤዝ ጊታር የሚማረው ልጃችን አዲስ የስፒከር ሣጥን ነበረውና፥ «አባባ፥ ከእኔ ሣጥን ጋራ እናያይዘው» አለ። አባታችንም፥ «ልጄ፥ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ አስቀድመህ ልኩን ጠይቅ» ብለው መለሱለት። በእውነትም ሁለት ሰዎች ሊጋቡ ሲሉ ሽማግሌ ተልኮ የወገናቸው ነገር እንደሚጠየቅ፥ እነዚህ ሁለት ዕቃዎችም ሊጠየቁ የሚገባቸው ብዙ ነገር አላቸው።

መጀመሪያ የሚመረመረው የአሮጌው ጤንነት ነው። በአገራችን የኤሌክትሪኩ ልክ 220 ቮልት ሲሆን፥ ይህ አምፕሊፋየር የተሠራው 120 ቮልት ገደማ ለሆነው ለአሜሪካ ኤሌክትሪክ ነውና ቮልቱን ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። ከዚያ ዘመን ዕቃዎች ብዙዎቹ ወደ መሬት የሚያስተላልፍ ሦስተኛ ሽቦ የሌለው ስፒና ስላላቸው፥ ሰውን ሊይዙ ይችላሉ። በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮችም በዕድሜ ይበላሻሉ፤ ከዚህም በላይ ስፒናው ከተነቀለ በኋላ ሰውን የሚገድል ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ። ስለዚህ ይህን ሥራ ለሚያውቀው ባለሙያ ሰጠነው እንጂ ክዳኑን በቤታችን አልከፈትንም። ልጆች ያሉበት ቤት ሁሉ ይህን ይጠንቀቅ።

ሁለተኛው ጥያቄ ኦም የሚባለው ነው። ኦም ማለት ስፒከሩ ለሚመጣበት ኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ የሚለካበት ነው። አሮጌው አምፕሊፋየር የተሠራው ለ4 ኦም ነው፤ የቀድሞ ሣጥኑም እያንዳንዳቸው 8 ኦም የሆኑ ሁለት ስፒከሮች ጎን ለጎን ተያይዘው 4 ኦም ይሆኑበት ነበር። የልጃችን ሣጥን ግን ለብቻው 8 ኦም ነው። ብዙዎቹ አዳዲስ ሣጥኖች እንዲህ የሚሠሩት፥ ሁለት ሆነው ሲያያዙ 4 ኦም እንዲሆኑ ነው። ባለ ቫልቩ አምፕሊፋየር ከተሠራለት በላይ የሆነ ኦም ሲገጥመው የሚሰጠው ኃይል ይቀንሳል፤ በርትተው ሲመቱበትም በመውጫው ትራንስፎርመር ውስጥ የሚነሣው ቮልት ከፍ ይላል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ምንም ስፒከር ሳይያዝለት መጫወት ነው፤ ያን ጊዜ ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል። በፌንደር አምፕሊፋየር ገመዱ ከዋናው ቀዳዳ ሲነቀል ቀዳዳው ራሱን በራሱ አገናኝቶ ይህን አደጋ ያስቀራል፤ ገመዱ በዚያ እንደ ተሰካ በሣጥኑ በኩል ቢነቀል ግን ጥበቃው አይሠራም። ስለዚህ ልጃችን ባጠራቀመው ገንዘብ ላይ ጥቂት ጨምረንለት የመጀመሪያውን የሚመስል ሁለተኛ ሣጥን ገዛ፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ሲያያዙ 4 ኦም ሆኑ።

ሦስተኛው የዋት ነገር ነው። ሣጥኖቹ እያንዳንዳቸው 300 ዋት ተጽፎባቸዋልና፥ ጎረቤቶቻችን 50 ዋት ያለው ሽማግሌ እንዴት ያንቀሳቅሳቸዋል ብለው ነበር። ነገር ግን በሣጥን ላይ የሚጻፈው ዋት ሣጥኑ ሊሸከመው የሚችለው ነው እንጂ የግድ ይሰጠኝ ብሎ የሚጠይቀው አይደለም። ማድጋ ሃያ ሊትር ስለሚይዝ አምስት ሊትር አይቀዳበትም አይባልም። የድምፁን ከፍታ የሚወስነው፥ ስፒከሩ በ1 ዋት በ1 ሜትር ርቀት ላይ ስንት ዴሲቤል ይሰጣል የሚለው ነው። በዚህ ልክ በ3 ዴሲቤል የሚበልጥ ስፒከር፥ የአምፕሊፋየሩ ኃይል ከ50 ዋት ወደ 100 ዋት እንዳደገ ያህል ይቆጠራል።

ስለ ገመዱም አንድ ቃል እንናገር። አሮጌው የሚቀበለው ተራውን የጊታር ጃክ ሲሆን፥ አዲሶቹ ሣጥኖች ብዙ ጊዜ ስፒኮን የሚባለውን፥ ተጠምዝዞ የሚቆለፈውን ይፈልጋሉ። ስለዚህ በአንድ ጫፉ ጃክ፥ በሌላው ጫፉ ስፒኮን ያለው ገመድ ያስፈልጋል። ገመዱም ወፍራም የስፒከር ሽቦ ይሁን፤ ከጊታር ወደ አምፕሊፋየር የሚዘረጋው ቀጭን ገመድ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

የቀረው የጠባይ ነገር ነው። አዲሶቹ ሣጥኖች ከትልልቆቹ ስፒከሮች ሌላ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣ ትንሽ ስፒከር አለቻቸው። እርስዋም የአሮጌውን ቫልቭ እስትንፋስና ሻካራነት ሁሉ አጉልታ ስለምታሰማ፥ ከሣጥኑ ጀርባ ባለው መቆጣጠሪያ ዝቅ አደረግናት። በዚያን ጊዜ ድምፁ ለሰለሰ። በ1980ዎቹ በተገኘው በኒዮዲሚየም ማግኔት የተሠሩ በመሆናቸውም ሣጥኖቹ ቀላል ናቸው፤ ቀድሞ ሁለት ሰው ይሸከመው የነበረውን ዛሬ አባታችን አንዱን በእጃቸው ያነሡታል።

አባታችንም የቤዙን ታችኛ አውታር፥ በሴኮንድ 41 ጊዜ ገደማ የሚርገበገበውን፥ መትተው ጥቂት ዝም አሉ። ቀጥለውም፥ «ድምፁ የቀድሞው አይደለም፤ ነገር ግን ዘመዱ ነው» አሉ። አምፕሊፋየሩም አልተሸጠም፤ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አያትና የልጅ ልጅ በየተራ ይጫወቱበታል።

እንግዲህ በቤታቸው አሮጌ ዕቃ ያላቸውን ሁሉ የምንመክራቸው ይህን ነው። አሮጌውን ስላረጀ ብቻ አትናቁት፤ አዲሱንም አዲስ ስለ ሆነ ብቻ አትጥሉት። ከማጋጠማችሁ በፊት ግን አሮጌው ምን ያህል ሊሸከም እንደ ተሠራ፥ አዲሱም ምን እንደሚጭንበት ጠይቁ። የሁለቱ ልክ ከታወቀ በኋላ ሁለቱም በአንድነት የሚያገለግሉበት መንገድ አይጠፋም።