ደህና በሆንኩበት ማታ የምውጠው ክኒን

እኛ ቤት ራስ ምታት ሁሉ «ሳይነስ» ነው። ሳይነስ ካልሆነ ቡና ስላልጠጣሽ ነው፤ ያም ካልሆነ እማዬ ግንባሬን በሻሽ ጥፍር አድርጋ ታስርልኛለች። ግማሽ ራሴን የሚወቅረኝ፣ ብርሃን የሚያስጠላኝ፣ እጣን ሲሸተኝ የሚያስመልሰኝ ነገር ማይግሬን መሆኑን የሰማሁት ካደግኩ በኋላ፣ ከነርቭ ሐኪም ነው።

ሐኪሙ ስለ ሕመሙ ብዙም ሳይጠይቀኝ ወደ ክኒኖቼ ሄደ። «በወር ስንት ቀን ትውጫለሽ?» ፓራሲታሞልም ሆነ አይቡፕሮፌን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከ3 ወር ላለፈ ጊዜ ከተወሰደ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል አለኝ። ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ የሚያመጣልን ኤክሴድሪን ፓራሲታሞል፣ አስፕሪንና ካፌይን የተቀላቀለበት ስለሆነ ገደቡ ይጠብቃል፤ 10 ቀን ከደረሰ አደጋ ነው። ለማይግሬን የሚታዘዙት እነ ሱማትሪፕታንም እንደዚያው። እነሱ ደግሞ የደም ሥር ስለሚያጠብቡ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ለነበረበት ሰው አይሰጡም።

ማይግሬን ሲነሳ ጨጓራም ሥራውን ያዘገያል፤ ዘግይቶ የተዋጠ ክኒን እዚያው ይቀመጣል። ፕላሲል አብሮ የሚታዘዘው ለዚህ ነው፦ ማስመለሱን ያስታግሳል፣ ጨጓራውንም ያንቀሳቅሳል። «እስኪ ትንሽ ልቻለው» ማለት ጨዋነት የሚመስለን ሰዎች ይህን ቀድመን ብንሰማ ጥሩ ነበር።

የከበደኝ ግን ሕመሙ እንዳይነሳ የሚዋጠው መከላከያ ነው። አብዛኞቹ ከሌላ በሽታ የተዋሱ ናቸው፤ ፕሮፕራኖሎል ከልብና ከደም ግፊት፣ ቶፒራሜት ከሚጥል በሽታ፣ አሚትሪፕቲሊን ከድብርት። አስም ስላለብኝ ፕሮፕራኖሎል ቀረ። አሚትሪፕቲሊን 10 ሚሊግራም፣ ማታ ማታ ታዘዘልኝ። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ማዘዣውን አይታ «እህቴ፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎሽ ነው?» ስትለኝ ወረፋው ሁሉ የሰማ መሰለኝ። ቤት ስገባ ክኒኑን ቫይታሚን ጠርሙስ ውስጥ ደበቅኩት።

እማዬ አገኘችው።

«ምንሽን አሞሽ ነው?»

«ዛሬስ ደህና ነኝ።»

«ታዲያ ጤነኛ ሰው መድኃኒት ይውጣል?»

መልስ አጣሁ፤ ጥያቄው የእኔም ነበራ። ስንታመም እንውጣለን፣ ሲሻለን እንተዋለን፤ ያደግነው በዚህ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ያተረፍኩት የአፍ መድረቅና ጠዋት ጠዋት መፍዘዝ ብቻ ነው። ሐኪሙ ግን 2 ወር ሳይሞላው አትፍረጂበት ብሎኝ ነበር። ፍርዱም በማስታወሻ ደብተር ነው፦ ያመመኝን ቀን፣ የዋጥኩትን ክኒን እጽፋለሁ፤ የሕመሙ ቀናት በግማሽ ከቀነሱ መድኃኒቱ ሠርቷል ይባላል። በግማሽ! እኔ ከነሥሩ እንዲነቀልልኝ ነበር የፈለግኩት።

አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ የምትወጋው ኤሬኑማብ ከመነሻው ለማይግሬን ተብሎ የተሠራ ነው። እዚያ የተፈቀደው በ2018 ነው፤ በወር አንዴ ራሷ ጭኗን ትወጋለች። ዋጋውን ስትነግረኝ ሳቅኩ። ለእሷም ቢሆን አልተነቀለላትም፤ ቀለል አለላት እንጂ።

የእኔም ደብተር እየሳሳ ነው። ለወራት ከተረጋጋ ቀስ በቀስ እንቀንሰዋለን፣ በአንዴ ማቆም ግን የለም ብሎኛል ሐኪሙ። በዚህ ክረምት ለሚመጣው ዘመዳችንም ኤክሴድሪን አንድ ጠርሙስ ይበቃናል፣ የቀረውን ኪሎ በጫማ ሙላልኝ ብዬ ልኬበታለሁ።