ያልተቀነሰ ሲምፎኒ ለወጣቶች

ሲምፎኒ አብዛኛውን ጊዜ አራት ክፍሎች ያሉት፣ በክር፣ በትንፋሽና በምት መሣሪያዎች ለተደራጀ ትልቅ ኦርኬስትራ የሚደረስ ረጅም የሙዚቃ ድርሰት ነው። የጣት ቅልጥፍና ብቻ ሳይሆን የሌላውን ድምፅ እየሰሙ የራስን የመመጠን ችሎታም ስለሚጠይቅ፣ የበቁ ባለሙያዎች ሥራ ተደርጎ ሲቆጠር ኖሯል። ይህን አመለካከት በእጅጉ ከፈተኑት መካከል በሲሞን ቦሊቫር ስም የተሰየመው የቬንዙዌላ ወጣቶች ኦርኬስትራ ይገኝበታል።

ምጣኔ ሀብትንም ሙዚቃንም ያጠኑት ሆሴ አንቶኒዮ አብሬዉ እ.ኤ.አ. በ1975 በካራካስ ጥቂት ወጣቶችን ሰብስበው የጀመሩት ልምምድ፣ ውሎ አድሮ «ኤል ሲስቴማ» ወደሚባል አገር አቀፍ የሙዚቃ ትምህርት መረብ አደገ። የሥርዓቱ ዋና መለያ ቅደም ተከተሉ ነው፤ በተለመደው አሠራር ተማሪው ለዓመታት ከመምህሩ ጋር ብቻውን ካጠና በኋላ ወደ ኦርኬስትራ ሲገባ፣ በኤል ሲስቴማ ግን ልጁ ገና ከጅምሩ ከእኩዮቹ ጋር ተቀምጦ ይጫወታል፣ ቀድሞ ያወቀውም አዲስ የመጣውን ያስተምራል። በዚህም መደማመጥ የትምህርቱ መጨረሻ መሆኑ ቀርቶ መነሻው ይሆናል።

የዚህ ሥርዓት ፍሬ የሆነው የሲሞን ቦሊቫር ኦርኬስትራ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2007 በለንደኑ ሮያል አልበርት አዳራሽ፣ በ26 ዓመቱ ጉስታቮ ዱዳሜል መሪነት፣ የሶቪየቱን የሙዚቃ ደራሲ የድሚትሪ ሾስታኮቪችን አሥረኛ ሲምፎኒ አቀረበ። ድርሰቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው የሶቪየት ኅብረት መሪ የነበረው ስታሊን በሞተ በዘጠኝ ወሩ፣ በዲሴምበር 1953 ነበር። ሁለተኛው ክፍል አራት ደቂቃ ያህል ብቻ የሚፈጅ ቢሆንም፣ በአስጨናቂ ፍጥነት ስለሚጋልብ አንዱ የክር ረድፍ ለቅጽበት ቢቀድም ወይም ቢዘገይ የሙዚቃው አጥንት ይላላል። በሦስተኛው ክፍል ደግሞ ደራሲው ከስሙ ፊደላት በጀርመን የኖታ አጠራር የወሰዳቸው አራት ድምፆች፣ ማለትም ሬ፣ ሚ ቤሞል፣ ዶና ሲ፣ ደጋግመው ስለሚመላለሱ፣ ተጫዋቹ ከፍጥነት ወደ ጥልቅ ጥሞና መሸጋገር አለበት። ከዚያ ምሽት ብዙዎች የሚያነሡት ወጣቶቹ በመጨረሻ የሰንደቅ ዓላማቸውን ቀለማት ለብሰው በጭፈራ ስሜት የተጫወቱትን ቢሆንም፣ ያ ደስታ ክብደት ያገኘው አስቀድሞ ከተወጡት ከባድ ሥራ ነው።

ሥርዓቱ ከነቀፋ አላመለጠም። የሙዚቃ ተመራማሪው ጄፍ ቤከር እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት የአሠራሩን አምባገነናዊ ዝንባሌ የተቹ ሲሆን፣ በመንግሥት በጀት ላይ መመሥረቱም ተቋሙን ለፖለቲካ ጫና ያጋለጠ ነበር። ሙዚቃ ብቻውን ድህነትን እንደማያስወግድ፣ የአንድ መሪ ሥልጣንም ገደብ እንደሚያስፈልገው ትችቱ በትክክል ያስገነዝባል።

ይሁንና ጸንቶ የሚቆም አንድ ቁም ነገር አለ። ለወጣቶች ታስቦ ሥራን ማቅለል እንክብካቤ ቢመስልም ብዙ ጊዜ በችሎታቸው አለመተማመን ስለሆነ፣ ታላቁን ድርሰት ሳይቀነስ ከመሣሪያው፣ ከመምህሩና ከበቂ የልምምድ ጊዜ ጋር መስጠት ትውልድን የማክበር ተግባር ነው፤ ለወጣቶች በጀት የሚመድቡና ሥርዓተ ትምህርት የሚቀርጹ ሁሉም ሊመዘኑ የሚገባው በዚህ መለኪያ ነው።