አፏን የለጎምኳት መብራት

በመኪናዬ ዳሽቦርድ ላይ የጎማ ሥዕልና ቃለ አጋኖ ያላት ቢጫ መብራት አለች። ሞተር ባስነሣሁ ቁጥር አንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ትልና በርታ ትቀራለች። የሰፈራችን ጎሚስታ አራቱንም ጎማ ለክቶ፣ «ጋሼ፣ ነፋሱ ልክ ነው፤ እሷ ላይ ፕላስተር ይለጥፉባት» አለኝ። ለጠፍኩባት።

ከወራት በኋላ እናቴን ይዤ ወደ ደብረ ብርሃን ስጓዝ መኪናዋ ወደ ግራ ትጎትተኝ ጀመር። ወርጄ ሳይ የፊት ግራ ጎማ ሊተኛ ምንም አልቀረው። እናቴ «ምነው ቆምክ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

በኋላ መካኒኩ አስረዳኝ። መብራቷ ሳትርገበገብ በርታ ከቀረች ነፋስ ጎድሏል፤ አስቀድማ ከተርገበገበች ግን የታመመው ጠባቂው ራሱ ነው። በየቸርኬው ውስጥ ከቫልቩ ጋር የታሰረ ትንሽ መለኪያ አለ። ባትሪው ከ5 እስከ 10 ዓመት ገደማ ያገለግላል፤ ሲሞት ከነመለኪያው ይለወጣል። በማንበቢያ መሣሪያው ጎማዎቹን አንድ በአንድ ሲጠይቅ ሦስቱ መለሱ፤ የፊት ግራው ዝም አለ። አዲስ ገጠመለት፤ መለያ ቁጥሩንም ለመኪናዋ ኮምፒውተር አስመዘገበ።

ለካስ ያን ሁሉ ወር ስትለኝ የነበረው «እኔ ማየት አቅቶኛልና አንተው እይ» ነበር። እኔ ደግሞ አፏን ለጎምኩት።