ዶሮ ያሳደገቻቸው ጅግሮች

ከአዲስ አበባ በሞጆ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርድ ሰው 160 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ባቱ ይደርሳል፤ የድሮዋ ዝዋይ ማለት ነው። ከተማዋን አልፎ በአዳሚ ቱሉ በኩል ወደ ላንጋኖ ሲቀጥል አገሩ ግራር በግራር ይሆናል። ማለዳ ላይ ከግራሩ ሥር በመንጋ የሚለቅም ወፍ ካያችሁ ጅግራ ነው። ግራጫ ላባው ላይ ነጭ ነጠብጣብ አለው፤ አናቱ ላይ ቀንድ የመሰለ ነገር አብቅሏል። ሰው ሲያይ ከመብረር ይልቅ መሮጥ ይቀናዋል።

ባለፈው ነሐሴ ወደዚያ የሄድኩት የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬን እናት ለመጠየቅ ነበር። የልጅ ልጆቻቸው «አኮ» ይሏቸዋል፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። እኔም ሽበቴን ይዤ አኮ አልኳቸው። ሁለት ልጆች ያሳድጋሉ፤ አንዷ አሥር ዓመቷ ነው፣ ትንሹ አምስት። እናታቸው ዓረብ አገር ለሥራ ከሄደች አራት ዓመት ሆኗታል።

በግቢያቸው ከዶሮው ጋር ጅግራ ይለቅማል። ከብዙ ዓመት በፊት ሰው ከሰጣቸው ጥንድ ጅግራ የተራባ ነው። አብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ቅርብ ስለሆነ አንድ ነገር ላስታውስ፤ ከፓርክ እንቁላል ማውጣት ክልክል ነው።

«ጅግራ መውለድ ታውቃለች፣ ማሳደግ ግን አትችልበትም» አሉኝ አኮ። በክረምት ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቃ ትጥላለች። ጫጩቶቹ እንደተፈለፈሉ ጤዛ ባረሰው ሣር ውስጥ ይዛቸው ትሄዳለች፤ ወደ ኋላ የቀረውን ዞራ አትፈልግም። የራሰ ጫጩት ደግሞ ብርድ ይገድለዋል። ስለዚህ አኮ እንቁላሉን ሰብስበው ለሐበሻ ዶሮ ያስታቅፋሉ። የፈረንጅ ዶሮ ብዙ እንድትጥል ተብላ ስለተዳቀለች የመታቀፍ ጠባይዋ ጠፍቷል፤ ለዚህ ሥራ አትሆንም።

ለመታቀፍ የደረሰች ዶሮ ታስታውቃለች። መጣል ታቆማለች፣ ከጎጆዋ አትነሳም፣ እጅ ሲቀርባት ላባዋን ነፍታ ትቆጣለች። እንቁላል የሚፈልግ ቤት እንዲህ ያለችውን ዶሮ ውሃ ውስጥ እየነከረ ጠባይዋን ሊያስተዋት ይሞክራል። አኮ ግን ይህችኑ ዶሮ ይመርጣሉ። ተባይ እንዳያስነሳት ላባዋ ሥር አመድ ይነሰንሱላታል፤ አሮጌ እንቅብ ላይ ጭድ ጎዝጉዘው ጨለማ ጥግ ያስቀምጧታል። የጅግራ እንቁላል ከዶሮው አነስ ያለ፣ ቅርፊቱ ግን ጠንካራ ነው። በዚያ ክረምት 12 አስታቀፏት።

ዋናው ነገር የቀኑ ቁጥር ነው። የዶሮ እንቁላል በ21 ቀን ይፈለፈላል፤ የጅግራው ከ26 እስከ 28 ቀን ይፈልጋል። ሁለቱ አንድ ቀን ከተጀመሩ ዶሮዋ የራሷን ጫጩቶች ይዛ ትነሳና የጅግራው በድን ሆኖ ይቀራል። አኮ በሰባተኛው ቀን ሦስት የዶሮ እንቁላል ይጨምራሉ፤ ያኔ ሁሉም አብረው ይወጣሉ። ቁጥሩን የያዘችው ትልቋ ልጅ ናት። 28 የበቆሎ ፍሬ በጣሳ አስቀምጣ በየማታው አንዷን ታወጣለች።

እኔ የደረስኩት ጣሳው ውስጥ ሁለት ፍሬ ሲቀር ነው። ከ12ቱ አሥሩ ተፈለፈሉ። ቡናማ፣ በጀርባቸው መስመር ያላቸው፣ ከዶሮ ጫጩት ያነሱ ነበሩ። አኮ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከዶሮዋ ጋር ዘግተው አቆዩዋቸው፤ ጥሪዋን ሳይለምዱ ቢለቀቁ ይበተናሉ። ውሃው እንዳያሰምጣቸው ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ጠጠር ተደርጎ ቀረበ። የጅግራ ጫጩት ከዶሮ ጫጩት ይበልጥ ገንቢ ምግብ ስለሚፈልግ ልጆቹ ምስጥ ቆፍረው ያመጡ ነበር። ጫጩት ነክተው ሲመለሱ እጃቸውን በሳሙና እንዲታጠቡ የማዘዙ ሥራ የእኔ ሆነ። የዶሮ ኩስ የልጆችን ሆድ የሚያውክ ተህዋስ ይይዛልና ሕፃን የሚድህበት ቤት ውስጥ ዶሮ ማሳደር ደግ አይደለም።

ዶሮዋ ክንፏን ዘርግታ ስትሰበስባቸው ሳይ የማዋለጃ ክፍል ሥራዬ ትዝ አለኝ። ክብደቱ ከ2,500 ግራም በታች የሆነ ሕፃን ሲወለድ እናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ እናስተኛው ነበር። እናት ስትደክም አባት ወይም አያት ይታቀፉታል። ሕፃኑም ይሞቀዋል።

በሦስተኛው ቀን ትንሹ ልጅ «እናታቸው ማናት?» ብሎ ጠየቀ። አኮ ሥራቸውን ሳያቋርጡ «ጅግራዋ ወለደቻቸው፣ ዶሮዋ ታሳድጋቸዋለች። ሁለቱም እናታቸው ናቸው» አሉ። ልጁ ዝም ብሎ ቆየና «እኔስ?» አለ። እናቱ ስትሄድ ገና አንድ ዓመቱ ነበር፤ እማ የሚለው አኮን ነው። ልጅቱ በስልክ ስትደውል በዚህ ስታለቅስ መስማታቸውን አኮ አንድ ቀን ቀደም ብለው ነግረውኛል። ያን ቀን ቁጭ አድርገውት ስልካቸውን አወጡና የእናቱን ፎቶ አሳዩት። «ይህች ወለደችህ። አሁንም ለአንተ ብላ ነው የምትሠራው። እኔ ደግሞ ታቅፌሃለሁ» አሉት።

በዚያ አገር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ወደ አማርኛ የመጣው ከኦሮምኛ ነው፤ በባህሉም በጉዲፈቻ ያደገ ልጅ ከአብራክ ልጅ እኩል ነው። አኮ ግን የልጅ ልጃቸውን ከእናቱ መውሰድ አልፈለጉም፤ እስክትመለስ ሊያቆዩላት ነው።

ጥር ላይ ስመለስ ስምንቱ ጅግሮች አድገው ነጠብጣብ አውጥተዋል። ሁለቱን ጭልፊት ወስዷቸዋል። ሲመሽ ስምንቱም ግራሩ ላይ ወጡ። ዶሮዋ ከሥር ቆማ ጥቂት ጠራቻቸውና ወደ ቆጧ ገባች። ጠዋት ጥሬ ሲበተን ወርደው ከእሷ ጋር ለቀሙ።

የልጅ ልጅ የምታሳድጉ አያቶች ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ልጁ ስለ እናቱ ከጠየቀ እውነቱን በአጭሩ ንገሩት፤ ሳይጠይቅም ስሟን አንሱለት። በአኮ ቤት አሁን እሑድ ስልክ ሲጮህ መጀመሪያ የሚያነሳው ትንሹ ልጅ ነው። ስለ ጅግሮቹ እየቆጠረ ለእናቱ ይነግራታል። አኮ ተራቸውን የሚጠብቁት በሩ ላይ ተቀምጠው ነው።