በማርስ ላይ እድር

የካቲት 2015 ዓ.ም. ምን ስትሠሩ እንደነበር ታስታውሳላችሁ? ቴሌግራምና ፌስቡክ ያለ ቪፒኤን አልከፍት ብለው፣ ግማሹ አዲስ አበባ ስልኩ ላይ ጀርመን ወይም ኔዘርላንድ ሆኖ የሚውልበት ሰሞን ነበር። እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን አንድ የሳይንስ ልብወለድ ጨርሼ ወደ አሜሪካ ለመላክ ተፍ ተፍ እል ነበር።

አትሳቁ። ቀን ቀን የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ማታ ማታ ስለ ጠፈር እጽፋለሁ። የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» እንዴት እንደተሸጠ ያየ ሰው አማርኛ አንባቢ ይህን ዓይነት ነገር አይወድም ሊል አይችልም። ነገር ግን አጭር የሳይንስ ልብወለድ ተቀብሎ፣ አንብቦ፣ ከፍሎ የሚያትም የአማርኛ መጽሔት ፈልጌ አላገኘሁም። ስለዚህ ከእንግሊዝኛ ጋር እታገላለሁ።

ታሪኬ ማርስ ላይ ስለሰፈሩ የአርባ አባወራዎች እድር ነው። ሰው ይሞታል። አስከሬኑ ወደ ምድር አይመለስም፤ ደጅ ድንኳን ተክሎ መቀመጥ አይታሰብም። የማርስ አየር ከምድር አየር 1 በመቶ እንኳ ስለማይሞላ ጡሩምባ ነፊው ቢነፋም የሚሰማው የለም። የእድሩ ዳኛ ምን ያድርጉ? ታሪኩ ይኸው ነው።

ልልክለት ያሰብኩት ክላርክስወርልድ ለሚባል ወርኃዊ መጽሔት ነበር። ኒል ክላርክ የሚባል አሜሪካዊ አዘጋጅ በ2006 እ.ኤ.አ. የጀመረው ነው። በዚህ ዘርፍ ስሙ ትልቅ ነው፤ ቻይናና ኮሪያ ውስጥ የተጻፉ ታሪኮችን እያስተረጎመ ያወጣል። ማንም ከየትም ሆኖ መላክ ይችላል፤ የመላኪያ ክፍያ የለም። ተቀባይነት ካገኘ ያኔ ለአንድ ቃል 12 የአሜሪካ ሳንቲም ይከፍል ነበር። የእኔ 4,000 ቃል ነበር። 480 ዶላር ማለት ነው፤ በጊዜው በነበረው የባንክ ምንዛሪ ከ25 ሺህ ብር በላይ። አዎ፣ ገና ሳልልከው አስልቼዋለሁ። ሙያዬ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት የመላኪያ ገጹን ብከፍት ዝግ ነው። ክላርክ የዘጋው ከአንድ ቀን በፊት፣ የካቲት 13፣ እኛ ዐቢይ ጾምን የያዝን ዕለት ነው። ምክንያቱ ቻትጂፒቲ ነበር። ወሩ በፈረንጆቹ ገና 20 ቀኑ፣ 500 ያህል በማሽን የተጻፉ ታሪኮች ደርሰውታል። በሰው የተጻፉት 700 ገደማ ነበሩ። አብዛኞቹ ላኪዎች የሳይንስ ልብወለድ አንባቢዎች እንኳ አልነበሩም። ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ «ቤትህ ቁጭ ብለህ ዶላር ሥራ» የሚሉ ሰዎች የከፋዮቹን መጽሔቶች ዝርዝር እየሰጡ የላኳቸው ናቸው። አሲሞቭስ የሚባለው ሌላው መጽሔት አዘጋጅ ሺላ ዊሊያምስ፣ ርዕሳቸው «የመጨረሻው ተስፋ» የሆነ ከ20 በላይ ታሪኮች ከተለያዩ ሰዎች ደርሰዋቸዋል።

ተናደድኩ። እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው ብዬ ስብከነከን ሰነበትኩ። መልሱ ከግቢያችን ወጣ።

ጎረቤቴ የሆነ ልጅ ነው፤ ተመርቆ ሁለት ዓመት ሥራ ያጣ። አንድ ማታ ስልኩን ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ እርስዎ እንግሊዝኛ ይችላሉ፤ ይህ ኢሜይል ምን እንደሚል ያዩልኛል?» አለኝ። አየሁት። አንድ መጽሔት የላከውን ታሪክ እንደማይቀበልና ሁለተኛ እንዳይልክ የሚነግር ነበር። 500 ብር ከፍሎ «ኮርስ» ገዝቷል፤ በአንድ ሌሊት ለአምስት መጽሔቶች አምስት ታሪክ ልኳል።

«ስለምንድን ነው የጻፍከው?» አልኩት።

«ስለ ጠፈር መሰለኝ።»

«ርዕሱስ?»

ራሱን ነቀነቀ። አያስታውሰውም።

ልቆጣው አፌን ከፍቼ ነበር። ግን የእኔም የ25 ሺህ ብር ስሌት ትዝ አለኝ። ልጁ የተነገረውን አመነ። የምቀየመው 500 ብሩን በተቀበለው ሰው ነው፤ እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ እናንተም በየቻናሉ ሳታዩት አትቀሩም።

ከዚህ ሁሉ ከልቤ ያልወጣው ግን ክላርክ ስለ መፍትሔው በይፋ የጻፈው ነው። ሰዎች የመላኪያ ገንዘብ አስከፍል ብለውታል፤ እምቢ አለ፣ ከሐሰተኛው ይልቅ እውነተኛውን ደራሲ ያስቀራልና። መታወቂያ የሚያረጋግጡ አገልግሎቶችን ተጠቀም ብለውታል። እነሱ ደግሞ ውድ ናቸው፤ የማይደርሱባቸው አገሮችም ስላሉ መጠቀሙ አገር ሙሉ ሰው ከማገድ አይለይም አለ። አዲስ ደራሲዎችና ከአሜሪካ ውጭ ያሉ ጸሐፊዎች ላይ በር እንዳይዘጋ እንደሚሰጋም ጽፏል። ያንን ያነበብኩት በቪፒኤን፣ ስልኬ ፍራንክፈርት ነኝ እያለ ነው። አንድ ማጣሪያ ማሽን እኔን ቢያይ፣ የውሸት አድራሻ ያለው፣ እንግሊዝኛው የተንገዳገደ፣ ስሙ ተሰምቶ የማይታወቅ ሰው ነው የሚያየው። ከጎረቤቴ ልጅ በምን ይለየኛል?

መጋቢት ሲገባ መጽሔቱ ተከፈተ። ደንቡ ላይ በእነዚህ መሣሪያዎች የተጻፈ ብቻ ሳይሆን የታገዘና የተተረጎመም አይታይም ይላል። «የተተረጎመ» የምትለው ቃል ላይ ቆምኩ። ታሪኩ ውስጥ የሟች እናት የምታወርደው ሙሾ አለ። በአማርኛ ጽፌው እንግሊዝኛ አልሆን ቢለኝ ለማሽን ሰጥቼ ነበር። ስምንት መስመር ናት። ማንም አያውቅብኝም። ማሽኑ ያወጣው ግጥም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከእኔ ያማረ ነበር።

አጠፋሁት። የአምሳሉ አክሊሉን መዝገበ ቃላት ይዤ ሦስት ሌሊት ፈጀሁበት። የወጣው ነገር አንካሳ ነው፤ ሙሾ ግን ይመስላል። ላክሁት። በጥቂት ቀን ውስጥ ትህትና ያላት አጭር «አይሆንም» መጣች።

ደንቡ ግን አሁንም ያጣላኛል። ሥራውን ማሽን የጻፈለት ሰውና በሁለተኛ ቋንቋ የሚንተባተብ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር መከልከላቸው ለእኛ ለሩቆቹ ከባድ ነው። ያን ሁሉ የማሽን ጽሑፍ የሚያጣራው ሰው ግን ሌላ ምን መስመር ያስምር? እኔ በእሱ ቦታ ብሆን የተሻለ አላመጣም።

ልጁ አሁን አንድ መጋዘን ውስጥ ተቀጥሯል። ታሪኩን ካላነበብኩ ብሎ ጨቀጨቀኝና ሰጠሁት። ለማንበብ ሳምንት ፈጀበት። እሑድ ጠዋት መልሶ ሲያመጣው፣ «ጋሼ» አለኝ፣ «እናትየዋ ደጅ ስታለቅስ የጠፈር ልብስ ለብሳለች አይደል? ራሷ ላይ መስታወት አለ። እንባዋን በምን ትጠርጋለች?»

አላሰብኩበትም ነበር። ሦስተኛውን ገጽ እንደገና እየጻፍኩት ነው።